ፈተና ሲደርስ ሆዱን የሚያመው ልጅ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የሴሚስተር ፈተና በቀረበ ቁጥር ወደዚህ ዓምድ የሚላኩ ደብዳቤዎች ይበዛሉ። ዘንድሮም ወላጆችና መምህራን በብዛት የጻፉልን ልጆች የከበዳቸውን ነገር እንዴት እንደሚቋቋሙት፣ ራሳቸውን እንዴት እንደሚገዙና ስለ ራሳቸው ምን እንደሚያስቡ ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን ሰባቱን መርጠናል። የጠያቂዎችን ስም አላወጣንም።

ልጄ አሥር ዓመቱ ነው፣ አራተኛ ክፍል። ቤት ውስጥ ስጠይቀው ሁሉንም ይመልሳል። የፈተና ቀን ጠዋት ግን ሆዱን ይዞ ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ያስመልሰዋል። ሁለት ጊዜ ከትምህርት ቤት አስቀርቼው ነበር፤ ረፋዱ ላይ ደህና ሆኖ ኳስ ሲጫወት አገኘሁት። እያታለለኝ ይሆን? — እናት፣ ከአዳማ

እያታለለዎት አይደለም። ሕመሙ እውነተኛ ነው። ልጅ ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊን ይረጫል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ የአንጀት እንቅስቃሴም ይዛባል። ቁርጠቱና ማቅለሽለሹ የሚመጣው ከዚያ ነው። “ዛሬ ቅር” ሲሉት ፍርሃቱ ይለቀዋል፣ ሆዱም ይረጋጋል፤ ረፋዱ ላይ ኳስ የተጫወተውም ለዚህ ነው።

ቢሆንም በመጀመሪያ ሌላ በሽታ እንዳልሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ቅዳሜና እሑድም ካልለቀቀው፣ ትኩሳት ካለው፣ ከከሳ ወይም ሰገራው ላይ ደም ከታየ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ምንም ምልክት ባይኖርም አንድ የሰገራ ምርመራ አይጎዳም፤ ጃርዲያና የሆድ ትላትል በዚህ ዕድሜ ብዙ ናቸው። ቀጥሎ ፍርሃቱ በእርግጥ ከፈተናው መሆኑን ይወቁ። “ለምን ትፈራለህ?” ቢሉት “እንጃ” ነው የሚልዎት። ይልቅ “ከትምህርት ቤቱ በር ጀምረህ ወረቀቱን እስክታስረክብ ያለውን ሁሉ ንገረኝ” ይበሉትና ድምፁ የት ላይ እንደሚቀንስ ያዳምጡ። ከጀርባው የሚቀመጥ ልጅ “አስኮርጀኝ” እያለ የሚያስፈራራው ሊሆን ይችላል። ጆሮ የሚጎትት መምህርም ሊኖር ይችላል። ያ ከሆነ መፍትሔው ሌላ ነው፤ ትምህርት ቤቱን ማነጋገር።

ፈተናው ራሱ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። ላዛረስና ፎክማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ያስቀመጡት አከፋፈል ዛሬም ይሠራበታል፦ ሰው የከበደውን ነገር የሚቋቋመው ወይ ችግሩን ራሱን በመነካካት፣ ወይ ችግሩ የቀሰቀሰበትን ስሜት በማብረድ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ጥያቄው የትኛው መቼ ይሁን የሚለው ነው። ሊለወጥ የሚችል ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ያልተጠና ምዕራፍ ላይ፣ የመጀመሪያው ይሻላል። ወረቀት እስኪታደል ባሉት አምስት ደቂቃዎች ደግሞ የሚለወጥ ነገር ስለሌለ ስሜትን ማብረድ ብቻ ነው የሚረዳው። መሸሽም ስሜትን ማብረጃ መንገድ ነው፤ አደገኛ የሚያደርገው ግን ወዲያው መሥራቱ ነው። ቀረ፣ በግማሽ ሰዓት ዳነ። ሰውነቱ ይህንን ይማራል። በሚቀጥለው ጊዜ ሕመሙ ጠንክሮ ይመጣል፤ ከፋይናል ወደ ቴስት፣ ከቴስት ወደ ማንኛውም ሰኞ ጠዋት ይሰፋል።

ስለዚህ ማስቀረቱ ይቁም፤ በምትኩ ልምምድ ይጀመር። እርስዎ በቃል ሲጠይቁት የሚመልሰው ልጅ ከፊል መልሱን የሚያነበው ከእርስዎ ፊት ነው። ሲሳሳት ቅንድብዎ ይነሳል፣ ያስተካክላል። የፈተና ወረቀት ቅንድብ የለውም። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጠረጴዛ፣ ወረቀትና ሰዓት አዘጋጅተው አምስት ጥያቄ በአሥር ደቂቃ እንዲሠራ ያድርጉ፤ እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተው ይቀመጡ። ሁለት ሦስት ቀን ያለ ጭንቀት ከሠራ አሥር ጥያቄ በሃያ ደቂቃ ያድርጉት። ከዚያ ታናሽ ወንድሙ እየተንጫጫ፣ ከዚያ ጎረቤት ቤት። አንዱን ደረጃ ሳይለምደው ወደሚቀጥለው አይለፉ።

ትንፋሹንም ያስተምሩት። አንድ እጁን እምብርቱ ላይ ያድርግ፤ አራት እየቆጠረ በአፍንጫው ያስገባ፣ ስድስት እየቆጠረ ቀስ ብሎ በአፉ ያውጣ፤ ለሦስት ደቂቃ። ከፍ ዝቅ ማለት ያለበት ሆዱ እንጂ ትከሻው አይደለም። ማታ አልጋ ላይ፣ ደህና በሆነበት ሰዓት፣ በየቀኑ ይለማመደው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተናው ቀን የሚሞክር ልጅ ቶሎ ቶሎና በጥልቀት ስለሚተነፍስ ራሱን ያዞረዋል፣ ጭራሽ ይደነግጣል።

በዕለቱ ጠዋት ፍርፍር በግድ አያጉርሱት፤ ግማሽ ዳቦ በሻይ ይበቃል። “አይዞህ፣ ምንም አትሆንም” እያሉ አሥር ጊዜ መደጋገምም ልጁ አደጋ እንዳለ እንዲጠረጥር ያደርገዋል። አንድ ጊዜ፣ በተለመደ ድምፅ፣ “ሆድህ ሊያምህ ይችላል፣ ይመጣል ይሄዳል፤ አንተ ግን ትሄዳለህ” ማለት በቂ ነው። ከመምህሩ ጋር ቀድመው ይነጋገሩ፦ ካመመው ወደ ቤት አይላክ፤ አሥር ደቂቃ ውጭ ተቀምጦ ይመለስ። ሲመጣም የመጀመሪያው ጥያቄዎ “ስንት ተሳሳትክ?” አይሁን።

ልጃችን እስከ ስድስተኛ ክፍል ከአንደኝነት ወርዳ አታውቅም። ዘንድሮ በፈተና ተመርጣ ጥሩ የተባለ ትምህርት ቤት ገባች። የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲመጣ ከ45 ተማሪ 19ኛ ወጣች፤ አማካይዋ 84 ነው። “ለካ ደደብ ነኝ” ትላለች፤ ሒሳብ ጭራሽ ትታዋለች። ወደ ቀድሞው እንመልሳት? — አባት፣ ከባሕር ዳር

አሁን አይመልሷት። 84 ያመጣች ልጅ ትምህርቱ አልከበዳትም፤ የተለወጠው ራሷን የምታስተያየው ከማን ጋር እንደሆነ ነው። ልጆች “እችላለሁ” ወይም “አልችልም” የሚሉት ቁጥሩን አይተው ብቻ አይደለም፤ አጠገባቸው ያለውን ልጅ አይተው ነው። ኸርበርት ማርሽ የተባሉ ተመራማሪ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህንኑ ሲያጠኑ ቆይተዋል፤ በብዙ አገሮችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ችሎታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ልጆች፣ የተመረጡ ተማሪዎች መካከል የተቀመጠችው ስለ ራሷ ያላት ግምት ዝቅ ይላል። የእርስዎም ልጅ ያጋጠማት ይኸው ነው፤ ለእርሷም በዚሁ ቋንቋ ይንገሯት፦ “አንቺ አልቀነስሽም፤ ክፍሉ ነው የተለወጠው።”

ሁለተኛ ንጽጽርም አለ፣ ወላጅ ብዙ የማያስተውለው። ልጅ አንዱን ትምህርት ከሌላው የራሷ ትምህርት ጋር ታወዳድራለች። እንግሊዝኛ 92፣ ሒሳብ 77 ያመጣች ልጅ የክፍሉ የሒሳብ አማካይ 70 ቢሆን እንኳ “ሒሳብ አልችልም” ልትል ትችላለች። እንግሊዝኛው ከፍ ባለ መጠን ሒሳቡ ያነሰ ይመስላታል።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር፦ ልጅ ስለ ራሷ ያላት ግምት አንድ ወጥ አይደለም። ሻቨልሰን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረቡት አከፋፈል የትምህርቱ ለብቻ፣ የጓደኝነቱ ለብቻ፣ የመልኩና የአካሉ ለብቻ ነው፤ በትምህርቱም ውስጥ እያንዳንዱ ዓይነት ለብቻው ይቆማል። ስለዚህ ሒሳብ ላይ የተሰበረውን “አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ” በሚል አጠቃላይ ምስጋና መጠገን አይቻልም። ሒሳቡ ላይ ነው የሚጠገነው።

የፈተና ወረቀቷን ይቀበሉና አብራችሁ እያንዳንዱን ስህተት ከሦስቱ በአንዱ ምልክት አድርጉበት፦ ጭራሽ የማታውቀው፤ እያወቀች በችኮላ ወይም በመደመር መቀነስ ምልክት የሳተችው፤ ጥያቄውን በትክክል ያላነበበችው። “ደደብ ነኝ” ያለችው ልጅ ከአሥራ አንድ ስህተት አምስቱ የምልክት መሆናቸውን በዓይኗ ስታይ ወሬው ይለወጣል። ከዚያ በቀን አሥር ጥያቄ ይስጧት፦ ሰባቱ የምትችላቸው፣ ሦስቱ አዲስ። ከስድስት በታች ካገኘች ከብዷታል፤ በሚቀጥለው ቀን ቀለል ያድርጉት። ሁልጊዜ አሥሩንም ካገኘች ደግሞ ቀሎባታል። በደብተር ጀርባ ቀኑንና የስህተቱን ብዛት ራሷ ትጻፍ። የምትወዳደረው ከዚያ ቁጥር ጋር ነው።

ስለ ምስጋናም አንድ ነገር። ሙለርና ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ከፊሎቹን “ብልህ ናችሁ”፣ ከፊሎቹን “በደንብ ሠርታችኋል” እያሉ አመሰገኗቸው። በኋላ ከባድ ጥያቄ ሲሰጣቸው ብልህ የተባሉት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፣ ቀላሉን መረጡ፤ ውጤታቸውን ሲጠየቁም ጨምረው የዋሹት ከእነርሱ በኩል በለጡ። ይህን ሰምተው ግድግዳ ላይ “ጥረት ሁሉን ያሸንፋል” ብለው የለጠፉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ከመፈክር የሚገኘው ለውጥ ግን ትንሽ ነው። የሚጠቅመው ምስጋናውን ወደሠራችው ነገር ማውረድ ነው፦ “ሦስተኛውን በሌላ መንገድ መሞከርሽ ጥሩ ነው።”

የአክስቷን ልጅ ካርድ እያነሱ ማወዳደር በዚህ ዓመት ይቅር። ዓመቱ ሲያልቅ እንቅልፏና ምግቧ ከተበላሸ፣ አንድም ጓደኛ ካላፈራች ወይም ውጤቷ ሴሚስተር በሴሚስተር እየወረደ ከሄደ ያኔ ስለ መመለሱ መነጋገር ይቻላል፤ ያውም ከእርሷ ጋር።

ብስኩት አስቀምጬ “እስክመለስ ካልበላኸው ሁለተኛ እሰጥሃለሁ” አልኩት። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፤ በሩን ሳልዘጋ በላው። ያየሁት ቪዲዮ እንዲህ ባለ ሙከራ መጠበቅ ያልቻሉ ልጆች ሲያድጉ አይሳካላቸውም ይላል። — እናት፣ ከአዲስ አበባ

አይጨነቁ። ሙከራው ዋልተር ሚሼል የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋለ ሕፃናት ያደረጉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሰፋ ያለ ጥናት፣ ወደ 900 የሚጠጉና ከተለያየ ኑሮ የመጡ ልጆችን ይዞ፣ በመጠበቅና በኋላ ውጤት መካከል ያለው ግንኙነት በፊት ከተባለው በግማሽ ያነሰ እንደሆነ አገኘ፤ የቤተሰቡ ኑሮና የልጁ የቀድሞ ችሎታ ሲታሰብ ደግሞ አብዛኛው ጠፋ።

ከዚያ ይልቅ ለእርስዎ የሚጠቅመው ሌላ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ነው፤ 28 ሕፃናት ብቻ ነበሩበት። ለግማሾቹ አዋቂው ቀድሞ “የተሻለ ቀለም አመጣለሁ” ብሎ አመጣላቸው፤ ለሌሎቹ ቃል ገብቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚያ ጣፋጩ ቀረበ። ቃሉ የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ገደማ ቆዩ፣ የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ። “ነገ እገዛልሃለሁ” ተብሎ ነገው ያልመጣለት ልጅ ወዲያው ቢበላ ሒሳቡ ትክክል ነው። ትንንሽ ቃል ይግቡ፣ በዚያው ቀን ይፈጽሙ። ሲያስጠብቁትም ብስኩቱን ሳህን ይድፉበት ወይም ከዓይኑ ያርቁት፤ በሚሼል ሙከራም ብዙ የቆዩት ልጆች ዓይናቸውን ከጣፋጩ ያነሱት፣ የዘፈኑት፣ በሌላ ነገር ራሳቸውን ያጠመዱት ነበሩ።

የአምስተኛ ክፍል መምህር ነኝ፤ በክፍሌ 58 ተማሪ አለ። እኔ ስናገር ይናገራሉ፣ “ቲቸር! ቲቸር!” እያሉ ጣት ያንጫጫሉ። ሳንበረክካቸው ለአሥር ደቂቃ ጸጥ ይላሉ፤ ከዚያ እንደገና ነው። ራስን መግዛት ማስተማር ይቻላል? — መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

ይቻላል። በመጀመሪያ ግን ማንበርከኩን ይተዉት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1 (ሠ) ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ያደርጋቸዋል፤ ይህ አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ስለማይሠራ ነው፣ እርስዎም አይተውታል። ተንበርክኮ የተነሳ ልጅ የሚማረው መምህሩ የት እንዳለ መከታተል ነው። እርስዎ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ጸጥታ፣ ወደ ቢሮ ሲወጡ ገበያ ከሆነ ያ ጸጥታ የእርስዎ እንጂ የልጆቹ አይደለም። መላውን ክፍል በጅምላ መቅጣት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠው ልጅ መታገሡ ምንም እንዳልጠቀመው ይማራል።

በዚህ ዕድሜ ራስን መግዛት ገና በመሠራት ላይ ያለ ችሎታ ነው፤ ይህን የሚቆጣጠረው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ መብሰሉን አያቆምም። ስለዚህ ክፍሉ ራሱ ያግዛቸው። “መጽሐፍ አውጡ፣ ገጽ 43 ግለጡ፣ ከጥያቄ 3 እስከ 6 በደብተራችሁ ሥሩ፣ ስትጨርሱ ለጎን ጓደኛችሁ አሳዩ” ብለው በአንድ ትንፋሽ ሲናገሩ አራት ትእዛዝ ሰጥተዋል። ሁለቱ ይረሳሉ፤ “ቲቸር፣ ስንት ገጽ?” የሚለው ጩኸትም እዚያ ላይ ይጀምራል። አንድ ትእዛዝ ይስጡ፣ እስኪፈጸም ይጠብቁ፣ ገጹንና የጥያቄውን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ይጻፉ።

ጫጫታው የሚበዛው ትምህርቱ መካከል ሳይሆን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲታለፍ ነው። 58 ደብተር አንድ በአንድ ስም እየጠሩ ሲያድሉ ስምንት ዘጠኝ ደቂቃ ይጠፋል፤ ሃምሳው ልጅ በዚያ ጊዜ ሥራ የለውም። በየረድፉ አንድ አዳይ ይሰይሙ፣ ደብተሩን ሲሰበስቡም በረድፍ ያስቀምጡ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከአሥር አሥራ ሁለት ደቂቃ ገለጻ በኋላ ሁለት ደቂቃ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር እንዲነጋገሩ ይፍቀዱ። ማውራታቸው አይቀርም፤ ቢያንስ ስለ ትምህርቱ ይሁን።

ለጸጥታ አንድ ምልክት ይምረጡ፦ እጅ ማንሳት ይበቃል። እጅዎን ካነሱ በኋላ አንድ ቃል አይናገሩ፣ ከጫጫታው በላይ በጭራሽ አይጩኹ። ምልክቱን እንደ ትምህርት ያለማምዷቸው፦ “አሁን አውሩ”፣ እጅ ይነሳ፣ ይቁጠሩ። በመጀመሪያው ቀን አምስት ጊዜ፣ ከዚያ በየጠዋቱ አንድ ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት።

የ“ቲቸር! ቲቸር!”ን ነገር የሚያቆየው መምህሩ ራሱ ነው፤ ይህን ስንል ቅር አይበልዎ። አሥር ጊዜ ጯሂውን አልፈው በአሥራ አንደኛው ከተቀበሉት ልጁ የተማረው “አብዝተህ ጩኽ” የሚለውን ነው። አልፎ አልፎ የሚሸለም ነገር ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ለመጥፋት ይቸግራል። እጁን በዝምታ ያነሳውን ብቻ ይጥሩ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ይጨምራል፣ ከዚያ ይወርዳል። ብዙ መምህራን እዚያ ጭማሪ ላይ ሲደርሱ ነው “አልሠራም” ብለው የሚተዉት። ጥያቄ ሲጠይቁም ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ዝም ይበሉ፤ ስም የሚጠሩት ከዚያ በኋላ ይሁን። ስሙን ቀድመው ከጠሩ ሌሎቹ 57ቱ ማሰብ ያቆማሉ።

እንዲህም ሆኖ የሚያስቸግሩ አራት አምስት ልጆች ይቀራሉ። “ጨዋ ሁን” ለእነርሱ ምንም አይነግራቸውም። ጎልዊትዘር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ያጠናው ቀላል ዘዴ አለ፦ መቼና ምን እንደሚያደርጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድመው ይወስናሉ። “ጎኔ ያለው ሲጠራኝ፣ እርሳሴን ይዤ ሰሌዳውን አያለሁ።” ልጁ ራሱ ይጻፈው፣ ደብተሩ ሽፋን ውስጥ ይለጠፍ። አንድ ልጅ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። “አላወራም” ብሎ መጻፍ አይረዳም፤ ምን እንደሚያደርግ መናገር አለበት።

ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ ካለ ከላይ ያለው ሁሉ አይሠራም። መቀመጥ ያቃተው፣ በትምህርት ቤትም በቤትም እንዲሁ የሆነ፣ ከስድስት ወር በላይ የቆየና ገና ከሕፃንነቱ የጀመረ ልጅ ካለ ደግሞ ወላጁን ወደ ጤና ባለሙያ ይምሩ፤ የትኩረት ማነስ ችግር ቅጣት አያድነውም።

የልጅ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ሪያድ ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። አታለቅስም፣ አታስቸግርም፤ ሰው ሁሉ “እንዴት ያለች ጨዋ!” ይላል። እናቷ በኢሞ ስትደውል ግን ወይ ሽንት ቤት ትገባለች ወይ ዕቃ ማጠብ ትጀምራለች። እናቷ ታለቅሳለች። — አያት፣ ከደሴ

እማማ፣ ልጅቷ እናቷን አልጠላችም። ልትለውጠው የማትችለው ነገር ነው የገጠማት፤ ያላት አማራጭ ስሜቷን መያዝ ብቻ ነው፤ ያገኘችው መንገድ ደግሞ መራቅ ሆነ። ትምህርት ቤት በምትውልበት ሰዓት ይህ ጠቅሟታል። የሚጎዳት ሌላ መንገድ ከሌላት ነው።

ስልኩን በግድ እጇ ላይ አያድርጉት። የሚከብዳት ጥሪው በድንገት መምጣቱ ነው፤ ሳትዘጋጅ የእናቷ ፊት ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል። ሪያድና ደሴ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ የሚቻል ከሆነ አንድ ቀንና አንድ ሰዓት ቁረጡ፣ አጭር ይሁን። የአሠሪዋ ቤት ሰዓት የማይፈቅድላት ከሆነ እናቷ በድምፅ መልእክት አንድ ሁለት ደቂቃ ትላክላት። ልጅቷ ስትፈልግ ትሰማዋለች፣ ደግማ ትሰማዋለች፣ ስትፈልግ ትመልሳለች። ብዙ እንዲህ ዓይነት ልጆች የሚከፈቱት በዚህ ነው። ይዘቱም “ትምህርት እንዴት ነው? በርቺ” ብቻ አይሁን፤ ዛሬ ምን እንዳበሰለች፣ በመስኮት ምን እንደሚታያት ትንገራት።

“ለአንቺ ብላ እኮ ነው የተሰደደችው” አይበሏት። እውነት ነው፤ ግን ልጅቷ ላይ ዕዳ ይሆናል፣ መናፈቋም ውለታ ቢስነት ይመስላታል። ሽንኩርት እየከተፉ ሳሉ “ዛሬ እናትሽ ናፈቀችኝ” ብለው ራስዎ ቢናገሩ ይበልጣል። መልስ አይጠብቁ። ስላላለቀሰች አያመስግኗት፣ ጎረቤትም እንዲያመሰግናት አይፍቀዱ። ቲኬት ሳይቆረጥ “ለአረፋ ትመጣለች” ወይም “ለፋሲካ ትመጣለች” አይባል። ውሏን የምታድስ ከሆነ ራሷ እናቷ ትንገራት፤ ከሰው አፍ አትስማ።

አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረች፣ ምግብ ከተወች፣ ውጤቷ በድንገት ከወደቀ ወይም ስለ መሞት ካወራች ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ወስደው ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ መምህርት “ስለ ራሱ ያለው ግምት ዝቅተኛ ነው” አለችን። “በምን ጎበዝ ነህ?” ስትለው አንገቱን ደፍቶ ምንም አልጻፈም። ቤት ውስጥ ግን እንዲህ አይደለም። — አባት

ቤት ውስጥ እንዲህ ካልሆነ ብዙም አያሳስብም። ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብሎ ያደገ፣ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን የሚሰብር ልጅ እዚያ ክፍል ውስጥ በራሱ የማይተማመን ይመስላል። ለመለየት የሚናገረውን ሳይሆን የሚያደርገውን ይዩ፦ ከባድ ነገር ይሞክራል? ሲሳሳት ይመለስበታል? የማያውቀውን ይጠይቃል? እነዚህ ካሉ ጸባይ ነው። በአማርኛም፣ ከአክስቱ ልጆች ጋርም፣ በጨዋታም ሳይጀምር የሚተው ከሆነ ግን መምህርቷ ትክክል ናት።

መምህርቷን ጥያቄውን እንድትለውጥ ይጠይቋት፦ “ወንድምህ ስለ አንተ ቢጠየቅ ምን ትችላለህ ይላል?” ብዙ ልጅ በሌላ ሰው አፍ ሲሆን ይናገራል። ለልጁም እዚያ ሲጠየቅ ሊቆጠር የሚችል ነገር እንዲናገር ያስተምሩት፤ “ጎበዝ ነኝ” ከማለት “በዚህ ወር ሦስት መጽሐፍ ጨረስኩ” ማለት ለአንደበቱም ይቀለዋል።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ሚኒስትሪ ደርሷል። መጽሐፍ ስከፍት ስልኬን “አምስት ደቂቃ ብቻ” ብዬ አነሳለሁ፣ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ራሴን መግዛት የማልችል ሰው ነኝ? — ተማሪ፣ ከሐዋሳ

አይደለሽም። ቲክቶክ እንዳትዘጊው ታስቦ የተሠራ ነው፤ አጠገብሽ አስቀምጠሽ በጉልበት ብቻ ለመቋቋም መሞከርሽ ነው ስህተቱ። ራሳቸውን ይገዛሉ የሚባሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚታገሉ አይደሉም፤ ቀድመው ፈታኙን ነገር ከፊታቸው የሚያነሱ ናቸው። ድምፁን ማጥፋት ወይም ገልብጦ ማስቀመጥ አይበቃም። ሌላ ክፍል ይሁን፤ ይመረጣል እናትሽ ጋ። “ሰዓት ለማየት ነው” የሚለው ሰበብ እንዳይኖር የግድግዳ ወይም የእጅ ሰዓት ፈልጊ። መልመጃው የቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ከሆነ የምትፈልጊውን ገጽ ቀድመሽ በወረቀት ገልብጪ ወይም አሳትሚ፤ ብዙ ተማሪ የሚጠፋው “ጥያቄ ላወርድ” ብሎ ሲገባ ነው።

መጀመሪያ 25 ደቂቃ ሥሪ፣ 5 ደቂቃ ዕረፊ፣ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሚ። በዕረፍቱ ስልክ አይነካም፤ ውኃ ጠጪ፣ ግቢ ውስጥ ተራመጂ። “አጠናለሁ” ብለሽ አትቀመጪ፣ “የሒሳብ ምዕራፍ 4 አሥር ጥያቄ” ብለሽ ተቀመጪ። ስልኩ ሲያምርሽ የምታደርጊውን አሁኑኑ ጻፊ፦ “ስልኬን ሳስብ፣ አንድ ጥያቄ ጨርሼ እነሳለሁ።” ከጨረስሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያለ ጸጸት ተጠቀሚበት፤ ጭራሽ መከልከል ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል። ማታ መኝታሽ ጋ አይደር፤ በአንቺ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በነጋታው ለስልኩ ይበልጥ ይሸነፋል። 25ቱ ደቂቃ ካልሆነልሽ ወደ 15 አውርጂውና ከዚያ ጀምሪ።